በሽታውን የተናገረ

ባለፈው ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ድሬዳዋ በሙቀቱ ተሸንፋ ሱቆቿን በምትዘጋበት ሰዓት፣ ከዚራ ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የአንድ መሥሪያ ቤት ቅጽ በኢንተርኔት እሞላ ነበር። ቅጹ ዘጠኝ ገጽ ሲሆን፣ የሞሉትን አስቀምጦ ነገ መመለስ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ወይ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሱታል፣ ወይ እንደገና ይጀምሩታል። ሰባተኛው ገጽ ላይ የአያቴ ስም በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚጻፍ ከራሴ ጋር ተከራክሬ፣ ተስማምቼ፣ «ቀጥል» የሚለውን ስጫን ኢንተርኔቱን የምከፍትበት ፕሮግራም፣ ብራውዘሩ፣ ድርግም ብሎ ጠፋ። አላስጠነቀቀም፣ አልተንቀራፈፈም፤ ቅጹ በነበረበት ቦታ ከጀርባ ያለው የልጄ ፎቶ ብቻ ቀረ፣ ፈገግታውም በዚያች ቅጽበት ፌዝ መሰለኝ። መልሼ ከፍቼ ከአንደኛው ገጽ ጀመርሁ፤ አራተኛው ላይ ጠፋ። በሦስተኛው ሙከራ የራሴን ስም እንኳ አላስጨረሰኝም።

የእኔ ጥፋት የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ለሰው ተናገርሁ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት ከተረቶች ሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። በልጅነቴ የጥርስ ሕመሜን ደብቄ ጉንጬ እንደ ሎሚ ባበጠ ጊዜ እናቴ በዚህ ተረት ስለገሠጸችኝ፣ ከዚያ ወዲህ በለቅሶ ቤትም፣ በሽምግልናም፣ በዕድር ስብሰባም ሳልጠቅሰው ቀርቼ አላውቅም። ዕድሜዬ እየገፋ ሲሄድ ግን ተረቱ ግማሽ መሆኑን ተረዳሁ። በሽታውን የደበቀ ሰው መድኃኒት እንደማያገኝ የነገሩን አባቶች፣ በሽታውን የተናገረ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ስንት ዓይነት መድኃኒት እንደሚግቱት ሳይነግሩን ሄደዋል። ምናልባት በእነሱ ዘመን መድኃኒቱ ጥቂት ነበር።

ጎረቤቴ ዘንድ ከሰዓት በኋላ በርጫ አለ። እኔ አልቅምም፤ የምሄደው ለወሬውና ለጣሪያው ቬንቲሌተር ነው። ምርቃናው ጫፍ በሚደርስበት በአሥር ሰዓት ግድም በዚያች ክፍል ውስጥ ሳይፈታ የሚያድር የዓለም ችግር የለም፤ የዶላሩ ነገር፣ የቀይ ባሕሩ ነገር፣ የብሔራዊ ቡድናችን አጥቂ ነገር ሁሉ መልስ ያገኛል፣ ማታ ሲሆን ደግሞ መልሱ ከገረባው ጋር ተጠርጎ ይወጣል። ላፕቶፔን በብብቴ ይዤ ገብቼ «ብራውዘሬ እየተዘጋ አስቸገረኝ» አልሁ። ሦስት ቃል ነው የተናገርሁት። አራተኛውን ቃል ለመጨመር ዕድል አልተሰጠኝም።

«አጥፍተህ አብራዋ አቦ!» አለ በሩ አጠገብ የተጋደመው ባለባጃጅ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። ይህን ምክር አልንቀውም። ኮምፒውተር ጠፍቶ ሲበራ የተጨናነቀው ሜሞሪ ነጻ ስለሚሆን ብዙ ነገር ለጊዜው ይሻለዋል፤ «ለጊዜው» የምትለዋን ቃል ግን ከመካሪዎች አንድም ሰው ሲጠቀምባት ሰምቼ አላውቅም። አጥፍቼ አበራሁት። ቅጹን ከፈትሁ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ጠፋ።

«ካሹን አጥፋው፣ ምንም ጥያቄ የለውም» አለ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት የመጣው የጎረቤቴ ወንድም። የቤቱ እናት ሻይ በትሪ ይዘው የገቡት በዚህ ጊዜ ነበር። ትሪውን እንደያዙ ቆም ብለው «በዚህ ኑሮ ውድነት ሰው ካሹን አጥፋ ተብሎ ይመከራል? ደግሞ እሱ ምን ካሽ አለውና ነው የሚያጠፋው?» አሉ። ከምክሮቹ ሁሉ በገቢዬ ላይ የተመሠረተው የእሳቸው ብቻ ነበር። ልጁ ካሽ ማለት ገጾች ቶሎ እንዲከፈቱ ብራውዘሩ ቀደም ሲል ያያቸውን ሥዕሎችና ቁርጥራጮች የሚያኖርበት ጎተራ መሆኑን እያስረዳቸው፣ በዚያው እጁ ላፕቶፑን ከጭኔ አንሥቶ ጎተራውን ባዶ አደረገው። ባዶ ያደረገው ጎተራውን ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ ገጾቹ ማንነቴን የሚያስታውሱባቸውን ኩኪሶችም አብሮ ስለጠረጋቸው ከገባሁበት ገጽ ሁሉ ተባረርሁ፣ ከሦስት ዓመት በፊት የይለፍ ቃላቸውን ጽፌ ሁለተኛ ያላሰብኋቸው ቤቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ «አንተ ማን ነህ?» አሉኝ።

ሌላው ሙቀቱ ነው አለ። ድሬ ለማሽን አትሆንም፣ ሐረር ውሰደውና ሁለት ቀን ይረፍ፣ ደንገጎን እንዳለፈ ራሱ ይስተካከላል አለኝ፣ ስለ አክስቱ የደም ግፊት የሚያወራ ይመስል። ኮምፒውተር በሙቀት የተሸነፈ እንደሆነ ይንቀራፈፋል ወይም ሙሉ በሙሉ ይጠፋል እንጂ፣ ሌላው ሁሉ ደኅና እየሠራ ብራውዘሩ ብቻ መርጦ የሚወድቅበት ምክንያት አይታየኝም፤ ይህንኑ ብናገር «ታዲያ ካወቅህ ለምን ትጠይቀናለህ?» ተባልሁ። እውነት ለመናገር አልጠየቅሁም። በሽታዬን ነው የተናገርሁት።

አራተኛው «አውጥተህ እንደገና ጫነው» ብሎ፣ እሱም በቃሉ ሳይወሰን በእጁ ፈጸመው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለውን ነገር ልናገር። ብራውዘርን አውጥቶ እንደገና መጫን አብዛኛውን ጊዜ ፕሮፋይል የሚባለውን ማኅደር አይነካም፤ ዕልባቶቹ፣ የይለፍ ቃላቱ፣ ታሪኩና በላዩ ላይ የተጨማመሩት ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ ኤክስቴንሽን የሚባሉት፣ ሁሉ ያሉት እዚያ ነው፤ አዲሱ ብራውዘር ሲገባ አሮጌውን ማኅደር አግኝቶ ይከፍተዋል። ትኋን አስመርሮት ቤት የቀየረ ሰው ፍራሹን ተሸክሞ እንደ መሄድ ማለት ነው። ግድግዳው አዲስ ነው፣ ሌሊቱ ግን ያው ነው።

ከጥግ በኩል «ፎርማት ይደረግ» የሚል ድምፅ ሲመጣ ግን ላፕቶፑን ቀምቼ ደረቴ ላይ አቀፍሁት። ዲስኩ ይደምሰስና ሁሉ ነገር እንደገና ይጫን ማለት ነው፤ ይህችን ቃል በቀዝቃዛ ደም መስማት አልችልም። በ2011 ዓ.ም. ሌላ ኮምፒውተር ነበረኝ፤ ድምፅ አልሰማ ቢለኝ ወደ አንድ ጥገና ቤት ወስጄው ነበር። ድምፅ ነው ያልሁት፤ ስፒከሩ ዝም አለ። ሠራተኛው ሳያየኝ «ፎርማት ነው የሚያስፈልገው፣ ዲ ላይ ያለው አይነካም» አለኝ። ዲ ላይ ያለው በእርግጥ አልተነካም፤ ዲ ላይ ምንም አልነበረኝም። የእህቴ የሰርግ ፎቶግራፎች በሙሉ ዴስክቶፕ ላይ ነበሩ፣ ዴስክቶፕ ላይ የሚታየው ሁሉ ደግሞ የሚቀመጠው ሲ በሚባለው፣ ፎርማት በሚደረገው የዲስክ ክፍል ውስጥ መሆኑን ያወቅሁት ከተደመሰሰ በኋላ ነው። ድምፁም አልመጣም፣ ስፒከሩ ተቃጥሎ ኖሯል። እህቴ እስከ ዛሬ በዓል በመጣ ቁጥር ዶሮ ወጡን በየሳህኑ ስታወጣ ለእኔ ክንፍ ታደርሰኛለች፤ ምክንያቱን አትናገርም፣ እኔም አልጠይቅም።

ስለ «ፎርማት» ይህን ያህል ካልሁ ዘንድ፣ ቁጣዬ በኮምፒውተር ብቻ እንዳልሆነ ልናገር። ወገቤን ባመመኝ ጊዜ መጋላ ለሸመታ ሄጄ አትክልት የምትመዝንልኝ ሴት ብቻዋን ሦስት መድኃኒት አዝዛልኛለች፤ ጣሪያዬ ሲያፈስ አላፊ አግዳሚው ቆርቆሮው ይቀየር ብሎ ፈርዷል፤ ዘመዴ ከባለቤቱ ጋር ተኮራርፎ ሽማግሌ በላከ ዕለት ሽማግሌዎቹ ምን እንዳጣላቸው ሳይጠይቁ «ታረቁ» ብለው ቡና ጠጥተው ወጥተዋል። ከመቼ ጀምሮ? ምን ስታደርግ? ከዚያ በፊት ምን ለወጥህ? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ገንዘብ አያስወጡም፣ የሚያስወጡት ትዕግሥት ነው፤ እኛ ደግሞ ለሰው ችግር ገንዘባችንን ሳይቀር እንሰጣለን፣ ጆሯችንን ግን እንሰስታለን።

በዚያች ክፍል ውስጥ የጠየቀኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከምድር ባቡር የጥገና ክፍል ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን። መነጽራቸውን አስተካክለው «ልጄ፣ የሚጠፋው ቤቱ በሙሉ ነው ወይስ አንዱ ክፍል?» አሉኝ። ጥያቄው ምን ያህል ትክክል እንደሆነ የገባኝ ማታ ነው። ጎግል ክሮም እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ እያንዳንዱ ታብ፣ ማለትም የተከፈተ ገጽ፣ በየራሱ ክፍል እንዲሠራ ተደርጎ ስለነበር፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ቆሞ እንዲቀር ታስቦ ነበር፤ ፋየርፎክስ የሚባለው ሌላው ብራውዘርም ከዓመታት በኋላ በዚሁ መንገድ ሄዷል። አንድ ታብ ብቻ ከወደቀ ጥርጣሬው ወደዚያ ገጽ ይሄዳል፤ ቤቱ በሙሉ ከተናደ ግን ኤክስቴንሽኖቹን፣ የስክሪን ሥዕል የሚሠራውን ድራይቨር፣ ያንን ማኅደር ወይም ሜሞሪውን መጠርጠር ይገባል። «ቤቱ በሙሉ ነው» አልኋቸው። «ስንት ፉርጎ ትጎትታለህ?» አሉኝ። አሥራ ሁለት ኤክስቴንሽን ነበረኝ። «ግማሹን ፈትተህ ሞክር፤ ችግሩ ከቀረ ከፈታኸው ግማሽ ውስጥ ነው፣ ካልቀረም ከቀረው ውስጥ ነው፤ ያንኑ ደግሞ ለሁለት ክፈለው።» በዚህ ስሌት ከ12ቱ መካከል ጥፋተኛው ቢበዛ በ4 ሙከራ ይያዛል።

መቼም ጡረተኛ ጥሩ ነገር ተናግሮ አያቆምም። ከፉርጎው ወደ ሐዲዱ ተሻገሩ። ከጅቡቲ የተነሣው መሥመር ሐረር ይገባል ተብሎ ሲጠበቅ አቀበቱ ስለከበደ ከተራራው ሥር ቀርቶ፣ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ «አዲስ ሐረር» ተብላ መወለዷን፣ ሐዲዱም አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. መሆኑን፣ የመንገዱ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት ደግሞ አንድ ሜትር ብቻ እንደነበረ ነገሩን። ሁላችንም ይህን ታሪክ ቢያንስ አሥር ጊዜ ሰምተነዋል። እኔ ግን በዚያ ቀን በሌላ ጆሮ ሰማሁት፤ ለካ ከተማዬ የተወለደችው መሐንዲሶቹ «የት ላይ ነው የሚያቅተው?» ብለው በመጠየቃቸው ነው። እኛ ብንሆን ባቡሩን አጥፍተን እናበራው ነበር።

እሳቸው ደቻቱ ወንዝ ላይ ስላለው ድልድይ እያወሩ እኔም እያዳመጥሁ ሳለን ግን ላፕቶፑ ከእቅፌ ወጥቶ እንደ ትራስ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፏል። ሲመለስልኝ «ኤ» የሚለው ቁልፍ ሥር የጫት ቅጠል ገብቶበታል፣ ሁለተኛ ጸረ ቫይረስ በመጀመሪያው ላይ ተጭኖበታል፣ 12ቱ ኤክስቴንሽኖች በሙሉ ተነቅለዋል።

ማታ ብቻዬን ስሆን አነበብሁ። ለምሳሌ ፋየርፎክስ የሚጠቀም ሰው ሺፍት የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ ቢከፍተው፣ ኤክስቴንሽኖቹንና ሃርድዌር አክስለሬሽን የሚባለውን፣ የሥዕሉን ሥራ ለግራፊክስ ክፍሉ የሚያስረክበውን፣ ለጊዜው አጥፍቶ የሚነሣበት የመፈተኛ መንገድ አለው፤ ምንም ነገር ሳይነቅሉ በሽታውን መለየት ይቻላል። ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረኝ ግን ሌላ ነው። ብራውዘሬ በወደቀ ቁጥር አንዲት ትንሽ መስኮት ብቅ ብላ የአወዳደቁን ሁኔታ ለሠሪዎቹ ልላክ ወይ ብላ ትጠይቀኛለች፤ ለካ ማክሰኞ ብቻ አልነበረም የወደቀው፣ ከዚያ በፊትም በወር አንድ ሁለቴ ይወድቅ ነበር፣ እኔም ሁልጊዜ «አትላክ» እል ነበር። ያን ተረት በየዕድሩ እየጠቀስሁ፣ «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ የሚጠይቀኝን ብቸኛ ሐኪም ዓይኔ እያየ በሩን እዘጋበት ነበር።

የጡረተኛውን ዘዴ ልሞክር ብል የምፈታው ፉርጎ አልቀረም። ብራውዘሩ ረቡዕም ሐሙስም ሳይጠፋ ዋለ፤ ቅጹንም ሞልቼ ላክሁት። የትኛው መድኃኒት እንዳዳነው ግን የሚያውቅ የለም፤ አምስቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ተግተውታልና። ባለቤቶቹ ግን እርግጠኞች ናቸው። ተማሪው ካሹ ነው ይላል፣ ባለባጃጁ «እኔ መጀመሪያ ብያለሁ» ይላል፣ ያ የጫነው ሰው ደግሞ ዓርብ ዕለት መንገድ ላይ አስቁሞ ምሳ እንድጋብዘው ጠየቀኝ፤ ጋበዝሁት።

ዛሬ ጠዋት ኢሜይሌን ሳነብብ ብራውዘሩ ድርግም ብሎ ጠፋ። መስኮቷ ብቅ አለች፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «ላክ» አልሁ። ወዲያው ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ ከኋላው ወንድሙ ቆሞ፣ «እህ፣ ማሽኗ እንዴት ናት?» አለኝ።

ላፕቶፑን ከደንሁት።

«ደኅና ናት» አልሁት። «በደንብ ተሽሏታል።»