የመንዝ በግ፣ የሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና የሪካርዶ ሂሳብ

ደብረ ሲና ገበያ ለቆመ ሰው የዓለም ንግድ ትምህርት ሩቅ አይደለም። ከጣርማ በር በላይ ካለው ደጋ በግና ገብስ ይወርዳል። ከቆላው ሽንኩርት፣ ማሽላና ማሾ ይወጣል። ደጋው መንዝ ላይ ማሾ ቢዘራ ውርጩ ያቃጥለዋል። ስለዚህ መለዋወጥ ነው። ይሄ ለማንም ግልጽ ነው።

አንዱ ወገን በሁሉም ነገር ቢበልጥስ? እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ዴቪድ ሪካርዶ በ1817 እ.ኤ.አ. የመለሰው ይህንን ነው። በምሳሌው እንግሊዝ የተወሰነ ጨርቅ ለመሥራት የ100 ሰው፣ የተወሰነ ወይን ጠጅ ለመሥራት ደግሞ የ120 ሰው የአንድ ዓመት ሥራ ያስፈልጋታል። ፖርቱጋል ጨርቁን በ90፣ ወይን ጠጁን በ80 ሰው ትሠራለች። በሁለቱም ትበልጣለች ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ ጨርቅ መግዛት ያዋጣታል። በ80 ሰው የሠራችውን ወይን ጠጅ ሰጥታ፣ 90 ሰው ይፈጅባት የነበረውን ጨርቅ ትወስዳለች። 10 ሰው ተረፋት። እንግሊዝም በ100 ሰው ጨርቅ ሠርታ የ120 ሰው ወይን ጠጅ ታገኛለች። ለእሷ 20 ተረፋት። ንጽጽራዊ ብልጫ የሚባለው ይሄ ነው።

«እኛ ከቻይና ጋር በምን እንወዳደራለን?» ለሚሉኝ ወዳጆቼ መልሴ ይሄው ሂሳብ ነው። በሁሉም ብንበለጥ እንኳ የምንለውጠው አናጣም።

ግን ቁጥሮቹን ደግማችሁ እዩልኝ። ለአንዷ 10፣ ለሌላዋ 20። ይሄም ሪካርዶ ልውውጡን አንድ ለአንድ አድርጎ ስለወሰደው ነው። ፖርቱጋል ከወይን ጠጇ አንድ ስምንተኛ፣ ማለትም የ10 ሰው ሥራ፣ ጨምሪ ብትባል ትርፏ ዜሮ ይሆናል። ትርፉ ሁሉ የእንግሊዝ ነው። «ብልጫ ባላችሁበት ላይ አተኩሩ» የሚሉን አማካሪዎች ዋጋውን ማን ይቆርጠዋል የሚለውን ይዘሉታል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

አጎቴ ሸዋ ሮቢት አካባቢ በመስኖ ሽንኩርት ያለማሉ። ምርቱ የሁሉም ገበሬ በአንድ ሰሞን ይደርሳል። ማቆያ የላቸውም። ሙቀቱ ደግሞ ፋታ አይሰጥም። ነጋዴው ይህንን ስለሚያውቅ አይቸኩልም። አንድ ዓመት የለቀማውን ወጪ እንኳ በማይሸፍን ዋጋ ሲሸጡ አጠገባቸው ነበርኩ። «ከሚበሰብስ ይሻላል» አሉኝ። መንዝ ላይም ያው ነው። ለፋሲካ የደለበ በግ ደህና ያወጣል። ክረምት ላይ ጎተራው ሲራቆት የሚነዳው በግ ግን ገዢው በጠራው ዋጋ ይሄዳል። ሁለቱም ገበሬዎች በሚበልጡበት ሥራ ላይ ናቸው። ምክሩን ሰምተዋል። ትርፉ ግን እነሱ ጋ አልደረሰም።

ስለዚህ ስለ ኤክስፖርት ስልጠና ከመጥራታችን በፊት ሸዋ ሮቢት ላይ ነፋስ የሚያስገባ የሽንኩርት መጋዘን ይሠራ። ለመንዝ ገበሬ ደግሞ በጉን ሳይሸጥ ነሐሴን የሚያሻግር ብድር በሐምሌ ይድረሰው። አጎቴ ለሦስት ሳምንት «አልሸጥም» ማለት ከቻሉ ነጋዴው ራሱ ዋጋ ጨምሮ ይመለሳል።