አምስት ሸሚዝ በስንት ሰዓት ይደርቃል?

የእህቴ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ናት። ባለፈው ሰሞን የሂሳብ ደብተሯን ይዛ መጣች፤ የደረሱት ወደርና መቶኛ ላይ ነው። «3 ኪሎ በርበሬ 1,800 ብር ከሆነ 7 ኪሎ ስንት ነው?» ይላል አንዱ ጥያቄ። እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ ሳታነሳ 4,200 ብላ ጻፈች። ገጹን ሙሉ እንዲሁ ጨረሰችው።

ተንኮል አማረኝ። «ገመድ ላይ የተሰጣ አንድ ሸሚዝ በ2 ሰዓት ይደርቃል። 5 ሸሚዝ አንድ ላይ ቢሰጣስ?»

«10 ሰዓት።»

ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቀች።

ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ሦስት ቁጥር ሰጥተን አራተኛውን ፈልጉ እንላለን። ክሮስ መልቲፕላይ አድርጉ፣ ማለትም በሰያፍ የሚተያዩትን ቁጥሮች አባዙ፣ አለቀ። ነገሮቹ ወደረኛ መሆን አለመሆናቸውን፣ ማለትም አንዱ እጥፍ ሲሆን ሌላውም እጥፍ መሆን አለመሆኑን ግን ማንም አይጠይቅም። መጽሐፉ ውስጥ ያሉት ጥያቄዎች ሁሉ ወደረኛ ከሆኑ ልጅቷ ለምን ትጠራጠር?

በተቃራኒው፣ ማባዛት ያለበት ቦታ ላይ የሚደምር ልጅም ሞልቷል። አንዱ ብርዝ 2 ማንኪያ ማር በ3 ብርጭቆ ውሃ ነው፣ ሌላው 4 ማንኪያ በ5 ብርጭቆ። የቱ ይጣፍጣል? ብዙዎቹ «እኩል ናቸው፣ ልዩነቱ በሁለቱም አንድ ነው» ይላሉ። ሁለተኛው ነው የሚጣፍጠው። የመጀመሪያውን እጥፍ ብናደርገው 4 ማንኪያ በ6 ብርጭቆ ይሆን ነበር፤ እዚህ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጎድሏል። ይህን ቀምሶ ያየ ልጅ ቀመር አያስፈልገውም።

ነገሩ ክፍል ውስጥ ቢቀር ባልጻፍኩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ገደማ ገባ። ዶላር 30 በመቶ ጨመረ ማለት ልክ ነው። «ብር 30 በመቶ ዋጋውን አጣ» ማለት ግን ስህተት ነው፤ ሆኖም ተባለ፣ ተጻፈም። በፊት አንድ ዶላር ይገዛ የነበረው 57 ብር፣ በዚያ ቀን 77 የዶላር ሳንቲም ብቻ ነበር የሚገዛው። የጠፋው 23 በመቶ ነው። ካላመናችሁ ዶላር እጥፍ ሆነ እንበል። በዚያ ስሌት ብር 100 በመቶ ዋጋውን አጣ፣ ማለትም ባዶ ወረቀት ሆነ ልንል ነው? የቀረው ግማሹ ነው። አንዱ እጥፍ ሲሆን ሌላው ግማሽ የሚሆንበት ይህ ኢ-ርቱዕ ወደር የሚባለው ነው። ተምረነዋል። ፈተናውንም አልፈናል።

እኔ ብሆን ክሮስ መልቲፕላይን ለሁለት ሳምንት እከለክል ነበር። ከምሰጠው ጥያቄ ግማሹ ወደረኛ ያልሆነ ይሆናል። መልሱን ከመፈለጋቸው በፊት አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፦ አንዱ እጥፍ ሲሆን ሌላው ምን ይሆናል? እጥፍ? ግማሽ? ወይስ ሌላ? አዎ፣ ጊዜ ይወስዳል። መምህራኑ ምዕራፍ ለመጨረስ እንደሚሯሯጡም አውቃለሁ።

ለእህቴ ልጅ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ሰጠኋት። ሜትር ታክሲ መነሻው 100 ብር፣ በኪሎ ሜትር 20 ብር ነው። 5 ኪሎ ሜትር 200 ብር ካስከፈለ 10ሩስ?

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ቆይ፣ መነሻውን ሁለቴ ይቀበላል እንዴ?»