ሰሙ የተገፋ ልጅ፣ ወርቁ ሲደመር ሁለት

ጎጃም የቅኔ አገር መሆኑን ለማስረዳት ብዕር ማንሣት አያስፈልግም፤ ነገር ግን ዋሸራም ጎንጅም ያላሰቡት አዲስ የቅኔ ዓይነት ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ብዙም በማይርቅ አንድ ካፌ፣ ባለ 20 ፊት ዳይስ በሚንከባለልበት ጠረጴዛ ዙሪያ እየተዘረፈ መሆኑን ሳልመሰክር ባልፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። ይህም ተጫዋቾች ካራክተር የሚሉትን ምናባዊ ጀግና ፈጥረው፣ በአንድ መሪ እየተመሩ፣ የዳይሱ ቁጥር ከፍ ሲል የሚሳካላቸው በዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ጨዋታ፣ የካራክተርን ዘር (ሰው ወይም ሌላ ተረታዊ ፍጡር መሆኑን) የመምረጥ ቅኔ ነው። ሰሙ ታሪክ፣ ወርቁ ቁጥር።

የዚህ ቅኔ ባለቤት የሆኑትን ወዳጃችንን «ሊቀ ስሌት» ብዬ ብጠራቸው ማዕረጉ ያንሳቸው እንደሆነ እንጂ አይበዛባቸውም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ካራክተራቸውን ሲያስተዋውቁን፣ እናቱ ኤልፍ የተባለች ጆሮ ሹል ተረታዊ ፍጡር፣ አባቱ ሰው የሆነ፣ ከሁለቱም ወገን ተገፍቶ ማደሪያ ያጣ፣ ኀዘኑን በዋሽንት የሚያወጣ ምስኪን ዘፋኝ መሆኑን በተሰበረ ድምፅ ነገሩን። እንባችን ሊመጣ ሲል ዓይናችን ወረቀታቸው ላይ አረፈ። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ሕግ ሃፍ ኤልፍ (እንዲህ ያለው ግማሽ ኤልፍ) በግርማ ሞገሱ ላይ 2፣ በመረጣቸው ሌሎች ሁለት ችሎታዎች ላይ አንዳንድ ይጨመርለታል፤ ሁለት ተጨማሪ ክህሎትና በጨለማ የሚያይ ዓይንም ይመረቅለታል፤ ዘፋኙ ባርድ ደግሞ አስማቱን የሚሠራው በዚያው በግርማ ሞገሱ ነው። «እኔ የመረጥኩት ለታሪኩ ስል ነው» አሉ ሊቀ ስሌት፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። እኛም አመንን። ከብት ገበያ ወርዶ የበሬውን ጥርስ ቆጥሮ፣ ሻኛውን ዳብሶ፣ ዋጋውን ሦስት ጊዜ ተከራክሮ ሲያበቃ «ዓይኑ አሳዘነኝና ገዛሁት» የሚለውን ሰው ማን ይጠረጥረዋል?

ጽናታቸውም የሚያስቀና ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ተጨማሪ መጽሐፍ ተጫዋቹ የዘሩን ጭማሪ ወደፈለገው ችሎታ እንዲያዛውር በፈቀደ ማግስት፣ ሊቀ ስሌት የተራራ ድዋርፎች ስለሚባሉ ድንክ ፍጡራን ባህል፣ ስለ ዋሻቸው፣ ስለ ጢማቸው ጥልቅ ፍቅር አደረባቸውና የድዋርፍ ጠንቋይ ይዘው መጡ። የተራራ ድዋርፍ አንድ ሳይሆን ሁለት ባለ 2 ጭማሪ እንዳለው፣ ጠንቋይ በትምህርቱ የማያገኘውን ጥሩር የመልበስ ፈቃድም በትውልዱ እንደሚያገኝ የጠቀሱ ምቀኞች አልጠፉም። ለእነዚህ መልስ መስጠት ጊዜ ማባከን ነው።

ስለ ዘሮች የኃይል ሚዛን ያደረጉልን ጉባኤ ግን ሳይነሣ አይታለፍም። አንዱ ተጫዋች አራኮክራ የተባለውን ወፍ መሳይ ዘር መርጦ መጣ፤ ይህ ፍጡር በጊዜው ሕግ ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ በአንድ ተራ 50 ጫማ ይበርር ነበር። የጨዋታው መሪ ደግሞ የዓባይን በረሃ የሚያስንቅ ገደል፣ ከነገመድ ድልድዩና ከነሽፍቶቹ፣ ሦስት ሌሊት ቁጭ ብሎ ሠርቶ ነበር፤ ወፉ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ተሻገረው። ያን ጊዜ ሊቀ ስሌት ተነሥተው አንድምታውን ዘረጉት፦ «ይበርራል» ሲል አንድም ጣሪያ የሌለበት ቦታ ሲሆን ነው፤ አንድም ቀስተኛ ያነጣጥርበታልና ትርፉ ከጉዳቱ ጋር ይቻቻላል፤ አንድም መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች ተሳስተዋል። ሁለት ሰዓት ያህል ተነገረ። ሽፍቶቹ እስከ ዛሬ ድልድዩ ሥር ናቸው።

የቀደሙት ግን እንዲህ አልተራቀቁም። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1974 ሲወጣ ሚዛን ማለት ጣሪያ ነበር፦ ድዋርፍ በተዋጊነት ከ6ኛ ደረጃ፣ ሃፍሊንግ የተባለው ትንሽ ፍጡር ከ4ኛ አያልፉም፤ ሰው ብቻ ያለ ገደብ ይወጣል። ይህ ዓይነቱ ጣሪያ እ.ኤ.አ. በ2000 እስኪነሣ ድረስ ሰው በጨለማ ባያይም እድገቱ አይቋረጥበትም ነበር፤ አንዳንድ መሥሪያ ቤቶቻችንን አይቶ ያወጣው ይመስላል።

በዚሁ ጉባኤ ላይ ሊቀ ስሌት አንዲት እኅታችንን «ዘርሽን ለውጪ፣ ይህ ዘር ደካማ ነው!» ብለው በከፍተኛ ድምፅ ሲመክሯት በአጠገባችን የተቀመጡት ሁለት አዛውንት ስኒያቸውን አስቀምጠው ዞሩ። እኅታችን የመረጠችውን ኮቦልድ የተባለ ትንሽ እንሽላሊት መሳይ ፍጡር ሥዕል ይዤ ሄጄ እስካስረዳቸው ድረስ ላብ አጠመቀኝ። በዚህ ምክንያት አሳታሚዎቹ እ.ኤ.አ. በ2024 «ዘር» የሚለውን ቃል ትተው «ዝርያ» ማለታቸውን እኔ በግሌ በእልልታ ነው የተቀበልኩት፣ ምንም እንኳ ቃሉን በሰማሁ ቁጥር ስንዴ ቢታወሰኝም። እኅታችን ግን ምክሩን አልሰማችም። ያን ጊዜ ኮቦልድ ከጉልበቱ ላይ 2 የሚቀነስበት፣ ፀሐይ ሲወጣ የሚደናበር ፍጡር ነበር፤ ለምን እንደመረጠችው ስትጠየቅም «ያስቀኛል» አለች። እንዲህ ያለ የስሌት ድህነት በመካከላችን መኖሩ ያሳዝናል። ማታውን ሙሉ ስትስቅ አመሸች።

እንግዲህ በዚያው በ2024 ጭማሪው ከዝርያ ላይ ተነሥቶ ካራክተሩ ጀግና ከመሆኑ በፊት ወደ ነበረው ኑሮ ተዛወረ፤ ሃፍ ኤልፍም ከዋናው የተጫዋቾች መጽሐፍ ወጣ። ያ የተገፋው ዘፋኝ ያለ ተዝካር ቀረ። ሊቀ ስሌት አዲሱን ዝርዝር አንድ ሌሊት አድረውበት ሲመለሱ ገበሬ ሆነው መጡ፤ ገበሬ በጉልበት፣ በጥንካሬና በማስተዋል ላይ ጭማሪ ያገኛል፤ በዚያ ላይ በየደረጃው ሁለት ሁለት የሕይወት ነጥብ የሚጨምር ልዩ ችሎታ ይሰጠዋል። ስለ አፈር ሽታ፣ ስለ ጅራፍ ድምፅ፣ ስለ ማለዳ ጤዛ እንዲህ አድርገው ሲናገሩ አልሰማሁም፤ በመካከሉ ዝቅ ባለ ድምፅ ሞፈሩ ከቀንበሩ ጋር በምን እንደሚታሰር ጠየቁኝ እንጂ።

ይህን እየተናገሩ ሳለ ስልካቸው ጮኸ። ከደምበጫ ገጠር እናታቸው ናቸው፤ ጤፉ ደርሷል፣ አጫጅ ጠፍቷል፣ ለሁለት ቀን እንኳ ብትመጣ ልጄ፣ ይላሉ።

«እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ» አሉና ስልኩን ዘጉ። ከዚያም የጨዋታው መሪ ያቀረበላቸውን የደነበረ በሬ ለማረጋጋት ዳይሱን በሁለት እጃቸው አሽተው ወረወሩት። 1 ወጣ።