ማስተካከያ፦ ዕፅዋትም ማይቶኮንድሪያ አላቸው

ባለፈው ስለ ሕዋስ ስጽፍ «የእንስሳት ሕዋስ ማይቶኮንድሪያ አለው፤ የዕፅዋት ግን በምትኩ ክሎሮፕላስት» ብዬ ነበር። ስህተት ነው፤ ይቅርታ። ለፈተና የምታነቡ ተማሪዎች ደብተራችሁ ላይ አሁኑኑ አርሙት።

የዕፅዋት ሕዋስም ማይቶኮንድሪያ አለው። ክሎሮፕላስት በብርሃን ጉልበት ስኳር ይሠራል። ከዚያ ስኳር አብዛኛውን ኤቲፒ (ሕዋስ ለሥራው የሚጠቀምበትን ጉልበት የሚይዝ ሞለኪውል) የሚያወጣው ግን ማይቶኮንድሪያ ነው፤ ቀንም ሌሊትም።

ሽንኩርት ክፈሉና ከውስጠኛው ገጽ ስሷን ሽፋን ላጥ አድርጉ። አዮዲን ጠብ አድርጋችሁ በማይክሮስኮፕ እዩት። እንደ ጡብ የተደረደሩ ሕዋሳት፣ በየሕዋሱም ውስጥ ኒውክለስ ይታያችኋል። አረንጓዴ ነገር ግን የለም። ክሎሮፕላስቱ ያለው ከአፈር በላይ በወጣው አረንጓዴ ቅጠል ውስጥ ነው። እኔ እንደጻፍኩት ቢሆን ኖሮ፣ ይህ ነጭ ሕዋስ ጉልበቱን ከየት ያመጣው ነበር?