አለቀ ባዮቻችን ይኑሩልን

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ ተነስቶ "እኔ እኮ ያኔ የቴኒሱ አልካራዝ ከመመራት ተነስቶ ያሸንፋል ብዬ ነበር" አይለኝም? አላልክም ወንድሜ፣ አብረን ነበርን። ግን ተዉት፣ እንደዚህ አይነት ሰው ተመስግኖም አያልቅ። መቼም ታውቁታላችሁ፣ በየካፌው ቲቪ ስር አንድ አይጠፋም፣ ጨዋታው ሳያልቅ ጨርሶልን የሚያሰናብተን። እሱ ባይኖር እኛ ሞኞቹ እስከ መጨረሻው ቁጭ ብለን እናይ ነበር እኮ!

ቀኑ ሰኔ 1 ቀን 2017 ነው፣ ፓሪስ ላይ የሚደረገው የሮላንድ ጋሮስ ቴኒስ ውድድር የወንዶች ፍጻሜ፣ ጣሊያናዊው ሲነርና ስፔናዊው አልካራዝ። ጰራቅሊጦስ ስለነበር በማግስቱ የሐዋርያት ጾም ሊገባ ነው፣ ቤቱ ክትፎ ክትፎ ይሸታል፣ ቲቪው ላይ በስንት ልመና ቴኒስ ተከፍቷል። እኔ ጠዋት ጠዋት ራኬት ይዤ የምሯሯጥ፣ ሰርቬን (የመክፈቻ ምቴን) መረቡ ላይ የምሰካ ሰው ስለሆንኩ እነዛ ልጆች የሚያደርጉትን ሳይ አፌን ከፍቼ ነው። ሲነር እስከዛ ቀን በውድድሩ አንድ ዙር (ሦስት ዙር የወሰደ ነው ጨዋታውን የሚያሸንፈው) እንኳ አልተሸነፈም፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱንም ወሰደ። አልካራዝ ደግሞ እስከዛ ቀን 2 ለ 0 ተመርቶ አሸንፎ አያውቅም ነበር። የኛ ሊቅ ጉርሻውን ዋጥ አድርጎ "አለቀ" አለ።

ሦስተኛውን አልካራዝ ወሰደ። "ለይስሙላ ነው፣ አለቀ ብያለሁ።" አራተኛው ዙር ላይ ሲነር 5 ለ 3 እየመራ፣ አልካራዝ ሰርቭ እያደረገ 0 ለ 40፣ ማለትም በሦስት ነጥብ እየተመራ፣ በቃ ሲነር ከሦስት ዕድል አንዷን ካገኘ ዋንጫው የሱ ነው። ሰውዬአችን ተነሳ፣ ጃኬቱን ለበሰ፣ ሂሳብ አለ፣ ከዛ ስክሪኑን ጋርዶ ቆሞ አልካራዝ ለምን እንደተሸነፈ ያስረዳን ጀመር፣ ችግሩ ትዕግስት ነው፣ ችግሩ ድሮፕ ሾት (መረቡ ስር ጠብ የምትል ምት) ማብዛቱ ነው፣ ችግሩ እንቅልፍ ነው። አልካራዝ አንደኛዋን አዳነ፣ ሰውዬው የዘንድሮ ወጣት ላይ ደርሷል። ሁለተኛዋን አዳነ፣ ሰውዬው ስፔኖች ሲበሉ ስለሚያመሹት ነገር ገብቷል። ሦስተኛዋን አዳነ፣ ቤቱ በጩኸት ተናጋ፣ ሰውዬው የተጮኸው ለንግግሩ መስሎት ድምፁን ከፍ አደረገ። መልሱን ሲቆጥር 5 ለ 4። ቲፕ ሲያስቀምጥ አልካራዝ በሲነር ሰርቭ ላይ አሸነፈ፣ 5 እኩል። በሩ ጋ ደርሶ ተመለሰና "ሲነርን ከድሮም ጀምሮ አውቀዋለሁ" አለን፣ ከየት እንደሚያውቀው እሱና ፈጣሪው ይወቁ። አልካራዝ ዙሩን የሚለየውን ታይብሬክ 7 ለ 3 ሲወስድ እሱ መኪናውን ወደ ኋላ እያወጣ ነበር፣ በመስኮት ታየኝ፣ ለፓርኪንጉ ልጅ በጣቱ የሆነ ነገር ያስረዳዋል፣ የልጁንም ጉዳይ ጨርሶለት ይሆናል።

እኛ ኋላቀሮቹ ቀረን። 5 ሰዓት ከ29 ደቂቃ፣ በሮላንድ ጋሮስ ታሪክ ረጅሙ ፍጻሜ። የአምስተኛውንና የመጨረሻውን ዙር ታይብሬክ አልካራዝ 7 ለ 0 መርቶ 10 ለ 2 ጨረሰ። ጠቅላላ ነጥብ ሲቆጠር ደግሞ 193 ለ 192፣ አንድ የበለጠው የተሸነፈው ሲነር ነው! እንዲህ አይነት ነገር ምን ያደርጋል፣ በጊዜ ቤት መግባት እያለ።

በማግስቱ ደግሞ ቴሌግራም ላይ ሲነርን ቀበሩት፣ ከዚህ በኋላ አእምሮው አይድንም፣ አለቀለት። ልጁ አምስት ሳምንት ቆይቶ በለንደኑ የዊምብልደን ውድድር ፍጻሜ ላይ ያንኑ አልካራዝን የመጀመሪያውን ዙር ተሸንፎ 3 ለ 1 አሸነፈው። ይሄንንም ብለው ነበር አሉ።

አንድ ነገር ላይ ግን መቀለድ አልችልም። እኛ የምንጫወትበት ሜዳ አንዲት ታዳጊ 5 ለ 1 እየተመራች አንዱ አጥር ይዞ "በቃ ውጪ፣ አለቀልሽ" ይላታል። ለልጅ! ማነህ አንተ? ቴኒስ እኮ ሰዓት የለውም፣ ዘጠና ደቂቃ ሞላ ብሎ ፊሽካ የሚነፋ የለም፣ የመጨረሻዋን ነጥብ ያኛው ወገን ራሱ ማግኘት አለበት፣ እስከዛ ድረስ አላለቀም። እሷ ሰርቭ ልታደርግ ኳሷን እያነጠረች ነው፣ አንተ ምን አስቸኮለህ? አፍህን ዝጋ።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። እንደኔ እንደኔ ይሄን ሰውዬ ፓሪስ ወስደው ዋና ዳኛ ያድርጉት። 0 ለ 40 ላይ ከወንበሩ ወርዶ መብራቱን ያጥፋ፣ መረቡን ይጠቅልል፣ ህዝቡን ይበትን። ዋንጫው የተሳሳተ ሰው እጅ ቢገባስ ምን አለበት፣ ዋናው ታክሲ ሳይጠፋ መግባታችን ነው።