ከዋንዛዋ ወዲያ፣ ከዋንዛዋ ወዲህ

ኑዛዜውን በወረቀት የሚያሰፍር የጅማ ገበሬ ካያችሁ ምከሩት። በራሱ ላይ እያሟረተ ነው። ጨዋ አባወራ ቡናው መሀል ይቆምና በከዘራው ይጠቁማል፦ «ከዋንዛዋ ወዲያ የታላቅየው፣ ወዲህ የታናሽየው።» አለቀ። ሴት ልጁስ? «እሷማ ባሏ አለላት።» ሕጉ ሴትም ወንድም ልጅ እኩል ይወርሳል ይላል። ይበል፤ ሕጉ ጎጆ የሚያወጣው ልጅ የለውም።

ደግሞስ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቃል ኑዛዜን መች ጠላ? ሁለት ምስክር ካለ፣ ስለ ቀብርህ ተናገር፣ ለሕፃናት ልጆችህ ሞግዚት ምረጥ፣ ለአንድ ሰውም እስከ 500 ብር ስጥ ብሏል። 500 ብር! ለለቅሶ ቤቱ ስኳር እንኳን ይበቃ እንደሆነ ሂርማታ ገበያ ወጥታችሁ ሞክሩት። ተናዛዡ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ ደግሞ ኑዛዜው ፉርሽ ነው። ስለዚህ አሳቢ አባት ከተናዘዘ በኋላ ቶሎ ይሞታል። እኔ የማውቃቸው ሽማግሌ ግን ተናዘዙ፣ ዳኑ፣ ሁለት ዓመት ቡና ለቅመው አረፉ።

የጽሑፉ መንገድ አድካሚ ነው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፣ ሁሉም እዚያው ይፈርማሉ። አራት ሰው ከየት ይመጣል? ጠዋት ጠዋት ስድስት ጎረቤት ረከቦቱን ከቦ ይቀመጣል፤ እሱ ግን የመጣው ቡና ሊጠጣ ነው። ከአቦል እስከ በረካ አንድ ገጽ ይነበብ ቢባል ሐሜቱ መቼ ሊወራ ነው? የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ለአቅመ ደካሞች ነፃ የሕግ ድጋፍ አለው። ነፃ ነገር አንወድም። ለጠበቃ ብር የምናወጣው በሬው ከተሸጠ በኋላ ነው።

የሽማግሌው ሁለት ወንዶች ልጆች በውርሱ ተካሰው ከሰቃ ወደ ፍርድ ቤት በአንድ ሚኒባስ ይመጣሉ። የመምጫውን ታናሹ ይከፍላል፣ የመመለሻውን ታላቁ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ይለያያሉ፤ አንዱ ከሳሽ፣ አንዱ ተከሳሽ። እህታቸው ጣልቃ ገብ ሆናለች። ዋንዛዋ አንድ ሌሊት ተቆርጣ አደረች፤ ማን ቆረጣት የሚለው ራሱን የቻለ ሌላ መዝገብ ነው። ራፖር ጸሐፊው ስማቸውን መጠየቅ ካቆመ ቆይቷል፣ ገና ሲያያቸው መተየብ ይጀምራል። ቡናው ታግዷል። ቀዩ ፍሬ ይረግፋል፣ ጦጣዋ ያለ ወራሽነት ማስረጃ ትለቅማለች።

ባለፈው ቀጠሮ ታላቅየው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ክፉኛ ሲያስል አገኘሁት። «አንተስ፣ ለልጆችህ አታጽፍም ወይ?» አልኩት።

«ምነው፣ ሞቴን ተመኘህልኝ?» አለና ተቆጣ። ትንሽ ቆይቶ ረገብ አለ። «ደግሞ ነግሬያቸዋለሁ እኮ። ከጅረቷ ወዲያ የትልቁ ነው።»