ደሴ የምትኖረው ባለቤቴ

ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ የመለዋወጫ ዕቃዎች ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ቤቴ ግን ደሴ ነው። ጠዋት በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ፣ ማታ ሐረጎን እወጣለሁ፤ ዕድሜዬም እንዲሁ ሲወርድና ሲወጣ አርባዎቹን ጨርሶ ተሻግሯል። እስካለፈው ክረምት ድረስ እንግሊዝኛ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ቤሪንግ፣ ጋስኬት፣ ቫልቭ፣ ሻፍት፣ ፓምፕ እያልኩ ስመዘግብና ስፈርም ስለኖርኩ ቋንቋው ከስም ሌላ ነገር እንዳለው ትዝ ብሎኝ አያውቅም፤ ግሱን ማሽኑ ይሥራው ብዬ ትቼለት ነበር። ታዲያ አንድ ቀን የወር ሪፖርት በእንግሊዝኛ፣ ያውም በሙሉ ዓረፍተ ነገር እንዲጻፍ ታዘዘና፣ ፒያሳ አጠገብ ካለ ፎቅ ላይ ከልጆቼ እኩዮች ጋር የማታ ተማሪ ሆኜ ቁጭ አልኩ።

ክፍሉ ውስጥ ሁለት ነርሶች፣ አንድ የባንክ ሠራተኛ፣ ዲቪ የደረሰው አንድ ጎረምሳና እኔ ነበርን። መምህራችን ወጣት ነው፤ እኔን «ጋሼ» እያለ፣ ሌሎቹን በስማቸው እየጠራ ያስተምራል። በመጀመሪያው ምሽት ክሎዝ ማለት ባለቤትና ግስ ያለው የቃላት ስብስብ ነው አለና ሰሌዳው ላይ «ቢኮዝ አይ ዋዝ ሌት» ብሎ ጽፎ በነጥብ ዘጋው። «ይህ ዓረፍተ ነገር ነው?» ሲል ጠየቀን። ባለቤት አለው፣ ግስ አለው፣ ነጥብ ሳይቀር ተደርጎለታል። አምስታችንም በአንድ ድምፅ ነው አልን። አይደለም። ቢኮዝ የምትባለዋን ቃል በዳስተር ሲያጠፋት የቀረው «አይ ዋዝ ሌት» ራሱን የቻለ፣ ማንንም የማያስቸግር ዓረፍተ ነገር ሆነ፤ መልሶ ሲጽፋት ደግሞ ያው ራሱን የቻለው ጥገኛ ሆኖ አረፈው፤ ሌላ ክሎዝ ዘንድ ሄዶ ካልተጠጋ በቀር ብቻውን ማደር አይችልም። ኢፍ፣ ዌን፣ ኦልዞው፣ አንለስ የሚባሉትም ሥራቸው ይኸው ነው። ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ክሎዞች በ«ኤንድ» ወይም በ«በት» ሲያያዙ ኮምፓውንድ ይባላል፤ ራሱን የቻለው ጥገኛውን ይዞ ሲኖር ደግሞ ኮምፕሌክስ ይባላል። የባንክ ሠራተኛው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ኮምፓውንድ ማለት ሁለት ደመወዝተኛ ባልና ሚስት ነው፤ ኮምፕሌክስ ማለት ደግሞ አንድ ደመወዝተኛና ለሁለት ቀን ብሎ መጥቶ ሦስት ዓመት የከረመ የእህት ልጅ ነው» አለኝ። ከመምህሩ ይልቅ የእሱ ገባኝ።

የቸገረኝ ትርጓሜው ሳይሆን አቀማመጡ ነው። አማርኛችን ልክ እንደ ሐረጎ መንገድ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ነገር ግን በዚህች መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ስለሚወረድ፣ መኪናው በየጠመዝማዛው እየዞረ፣ ጉሙ አንዴ እየሸፈነው አንዴ እየገለጠው ይወርድና ከተማዋ የምትታየው መጨረሻ ላይ ነው። ዓረፍተ ነገራችንም እንዲሁ «ስለ» ላይ አንድ ጊዜ፣ «ከ» ላይ ሁለት ጊዜ፣ «እንደ» ላይ አንድ ጊዜ ይታጠፍና ግሱ ከታች፣ ቦርከና ወንዝ አጠገብ ቆሞ ይጠብቀናል። እንግሊዝኛው አብዛኛውን ጊዜ ተገላቢጦሽ ነው፤ መጀመሪያ ኮምቦልቻ መግባቱን ይነግርህና ጠመዝማዛውን በኋላ ይቆጥርልሃል። እኛ «ትናንት መናፈሻ ያገኘሁት፣ ጃንጥላ የያዘው፣ አጭሩ ሰውዬ» ብለን ሰውየውን ከነጃንጥላው ካለበስነው በኋላ ብቅ ስናደርገው፣ እነሱ ሰውየውን ራቁቱን ያቀርቡትና በ«ሁ» እና በ«ዊች» ኋላ ኋላው እየተከተሉ ያለብሱታል።

ይህ በገባኝ ማግስት ጠረጴዛዬ ላይ የተቀመጠ አንድ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ወደ እንግሊዝኛ ልመልስ ተነሣሁ። ደብዳቤው ስለ ተበላሸ የውሃ ፓምፕ ነበር። «የፓምፑን መበላሸት በመጥቀስ በቀረበው ማመልከቻ መሠረት ጉዳዩ ታይቶ ተገቢው ውሳኔ እንዲሰጥበት በተጠየቀው መሠረት ኮሚቴው ተሰብስቦ ከመረመረ በኋላ የደረሰበትን ውጤት ተከትሎ አስፈላጊው እንዲፈጸም እየገለጽን፣ ለሚደረግልን ትብብር ከወዲሁ እናመሰግናለን» ይላል። በተማርኩት መሠረት ዋናውን ክሎዝ ፍለጋ ከላይ ወደታች ወረድኩ። ፓምፑ ጥገኛ ነው፤ ማመልከቻው ጥገኛ ነው፤ ኮሚቴው ከነስብሰባው ጥገኛ ነው። በደብዳቤው ሁሉ ውስጥ ራሱን ችሎ የቆመው «እናመሰግናለን» ብቻ ነው። ፓምፑ ለምን አራት ወር እንደቆመ ያን ቀን ተገለጠልኝ።

ከዚያ ወዲህ ዋናውን ክሎዝ መፈለግ አመል ሆነብኝ፤ ደሴ ላይ ደግሞ ከሱ ይልቅ በሐምሌ ፀሐይ ይገኛል። ለበዓል ይደርሳል የተባለውን ሱሪዬን ልወስድ ልብስ ሰፊው ዘንድ ብሄድ ሰውየው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ፣ «መብራቱ ባይጠፋ ኖሮ…» አለና ወደ ስፌቱ ተመለሰ። «ኖሮ ምን?» አልኩት። «እንዴ፣ ባይጠፋማ ኖሮ!» አለ በመገረም፣ እንዳልሰማሁት ቆጥሮ። «ኖሮ» ካለ ከወዲያ ማዶ «ነበር» ሊኖር እንደሚገባ፣ እንግሊዝኛም ቢሆን ላልሆነ ነገር ከኢፍ በኋላ ሃድ፣ ዋናው ክሎዝ ላይ ውድ ሃቭ እንደሚጠይቅ ላስረዳው ሞከርኩ። እስክጨርስ በትዕግሥት አዳመጠኝ፤ ከዚያ በኋላ ጭራሽ «ክሩ ደግሞ እንደ ድሮው ቢሆን…» ሲል ሌላ ጨመረልኝ። ሱሪዬን ሳልይዝ፣ ሁለት ጥገኛ ክሎዝ ይዤ ወጣሁ።

ሁለት ሺህ ብር ያበደርኩት ጎረቤቴም ከዚህ አይሻልም። «ደመወዝ ሲገባ…» ይለኛል፤ ሲገባ ምን እንደሚሆን ደመወዙም እሱም አይናገሩም። አፋጥጬ ስይዘው «ኢንሻ አላህ» ይላል። ቃሉ ሲፈታ «አላህ ከሻ» ማለት እንደሆነ የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ «ከ» ያለበት ነገር ደግሞ በሰዋስው ዓይን ጥገኛ ነው። በእኛ ሠፈር እሱ «ኢንሻ አላህ» ሲል እኔ አፌ እንደለመደው «እግዜር ካለ» ብዬ እቀበላለሁ፤ ሁለታችንም በየሃይማኖታችን አንድ አንድ ጥገኛ አዋጥተን፣ ዋናውን ክሎዝ ለፈጣሪ ትተንለት እንለያያለን። ብሩ እስካሁን አልተመለሰም፤ ይኸኛው ዓረፍተ ነገር ግን ሙሉ ነው።

ስሕተቶቻችንን ማንሣት ካስፈለገ ከአገራችን የመጡ መሆናቸው ያስታውቃል። እኛ «ድሃ ቢሆንም ግን ደስተኛ ነው» ብንል የሚቆጣን የለም፤ ስለዚህ አምስታችንም ኦልዞው ብለን ጀምረን መሐል ላይ በት ጨመርን፤ መምህሩ ሁለት አዝማች ለአንድ ጦር አያስፈልግም ብሎ አንዱን እንድንሽር አዘዘን። እኛ «ከመጣ እነግረዋለሁ» ስንል ሰውየው ገና ከቤቱ ሳይወጣ ግሱ ቀድሞ ያለፈ መልክ ይዞ ይቀመጣል፤ ስለዚህ «ኢፍ ሂ ኬም፣ አይ ዊል ቴል ሂም» ብለን ጻፍን፤ ለካ እዚያ «ኢፍ ሂ ከምስ» ነው የሚባለው፤ ወደፊት ለሚመጣ ሰው የአሁን ግስ ይሰጡታል። «ያየሁት ሰው» በሚለው ውስጥ ያለችው «ት» ሰውየውን አንቃ ስለያዘችው ደግሞ «ዘ ማን ሁም አይ ሶው ሂም» ብለን ሰውየውን ሁለት ጊዜ አየነው። ዲቪ የደረሰው ጎረምሳ «ሁለት ጊዜ ባየው ምን ይጎዳል?» ብሎ ተከራከረ። እኔም በልቤ ከእሱ ጋር ነበርኩ።

እኔን ያዋረደኝ ግን ኮማ ነው። በአራተኛው ሳምንት ቤተሰባችንን በኮምፕሌክስ ሴንተንስ እንድናስተዋውቅ ታዘዝንና፣ ከሁሉ ቀድሜ ተነሥቼ ሰሌዳው ላይ «ማይ ዋይፍ ሁ ሊቭስ ኢን ደሴ ሜክስ ጉድ ኮፊ» ብዬ በትልልቅ ፊደል ጻፍኩ። ደሴ የምትኖረው ባለቤቴ ጥሩ ቡና ታፈላለች ማለቴ ነው፤ ባለቤት አለው፣ ግስ አለው፣ ጥገኛው ከዋናው ጋር በሰላም ይኖራል። መምህሩ ሰሌዳውን አየ፣ እኔን አየ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ኮምቦልቻ የሚኖሩትስ ምን ዓይነት ቡና ነው የሚያፈሉት?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በእንግሊዝኛ ሕግ ከሁ በፊትና ከደሴ በኋላ ሁለት ኮማ ካልተደረገ፣ ጥገኛው ክሎዝ የሚስቴን አድራሻ መናገሩን ትቶ የትኛዋ ሚስቴ እንደሆነች መለየት ይጀምራል፤ መለየት ካስፈለገ ደግሞ ሌላ አለች ማለት ነው። ኮምቦልቻ እየሠራሁ ደሴ የማድር ሰው መሆኔን ለሚያውቅ ነገሩ ከሰዋስው ስሕተትነት አልፎ ኑዛዜ ይመስላል።

ከነርሶቹ አንዷ የእኛው ቀበሌ ልጅ ናት። ከፒያሳ ቤቴ በእግር የሩብ ሰዓት መንገድ ነው፤ ስደርስ ወሬው ጫማውን አውልቆ፣ አቦሉን ጠጥቶ ቶና እየጠበቀ ነበር። ባለቤቴ ጀበናውን ከምድጃው ሳታነሣ፣ «ደሴ የምትኖረዋ እኔ ነኝ፤ የቡና ተራዬ ዛሬ ነው ወይስ ነገ?» አለችኝ። ጎረቤታችን እማማ ሲኒያቸውን ይዘው አቀርቅረው ይስቃሉ። ደብተሬን አውጥቼ፣ ሁለቱ ኮማዎች ቢኖሩ ኖሮ ክሎዙ እንዲያው ተጨማሪ መረጃ እንደሚሆን፣ ቢነሣም ሚስቴ ሚስቴ ሆና እንደምትቀር በእርሳስ እየሣልኩ አስረዳኋት። በጥሞና ተመለከተችና፣ «ሁለት ጭረት ነው እንግዲህ። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ከሆነ ለምን አላደረግካቸውም?» አለች። እማማም ቀበል አድርገው፣ «ልጄ፣ እኛ ያለ ኮማ ይኸው ሃምሳ ዓመት ኖርን» አሉ።

በዚህ ተናድጄ ይሆናል፣ ለተወሰኑ ቀናት ራሱን በቻለ ክሎዝ ብቻ ለመናገር ወሰንኩ። አንድ ጎረቤት ልጁን ሲድር «ቅዳሜ ብቅ ብትሉልን…» ቢለኝ «አልመጣም፤ ሥራ አለኝ» አልኩት። ባለቤት አለው፣ ግስ አለው፣ ነጥብ አለው። ሰውየው በጥፊ የተመታ ያህል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። በከተማችን ደንብ «ሥራው ባይኖር…» ብዬ ወደ ቶሳ ተራራ አሻግሬ ብመለከት ኖሮ፣ አለመምጣቴን ተረድቶ፣ አክብሬውም ተከባብረን በተለያየን ነበር። ባለቤቴ ሁለት ቀን ሙሉ ቤታቸው ሽንኩርት ስትልጥ ሰነበተችና ነገሩን አበረደችው። ለመምህሩ ስነግረው ደግሞ ጭራሽ ሳቀ፤ እንግሊዞቹም ሰው ሲያዝዙ «ኢፍ ዩ ኩድ ጀስት ዌይት ሂር» ብለው ጥገኛውን አንጠልጥለው እንደሚተዉትና ዋናውን ሰሚው እንዲሞላው እንደሚጠብቁ ነገረኝ። በመጀመሪያው ምሽት ይህን ቢነግረን ኖሮ…

ትናንት ማታ ሐረጎ ላይ ጉም ስለነበር አምሽቼ ገባሁ። ባለቤቴ ከእህቷ ጋር በስልክ ታወራለች። በሩን ስከፍት ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ «በይ ልዝጋው፤ ኮምቦልቻ የሚሠራው ባሌ መጥቷል» አለች። ካፖርቴን በእጄ እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆምኩ፤ ከ«የሚሠራው» በኋላ ትንፋሽ ወስዳ እንደሆነ ላስታውስ ብሞክርም አልሆነልኝም። እሷ ግን ስልኩን አስቀምጣ ራት ማቅረብ ጀምራለች።